ኀምሳውን ኳስ ተጫዋቾች ስለ ማሟላት

ባለፉት ሳምንቶች በዚህ ዓምድ ስለ ቴምብርና ስለ አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ ስንነጋገር ቈይተናል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በእንግሊዝ አገር ከሲጃራ ፓኮ ውስጥ ይወጡ የነበሩትን የእግር ኳስ ተጫዋቾች ካርዶች አንድ በአንድ ፈልጎ ሙሉ ስብስብ ማድረግ፥ ያውም በደህና ሁኔታ ያሉትን መርጦ ማድረግ ነው። «እኛና የእንግሊዝ የሲጃራ ካርድ ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የእንግሊዝ ቡድኖች በሚጫወቱበት ቅዳሜ ከቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ወንበር ለመያዝ የሚጋፋ ሰው ይህን ቢጠይቀኝ ከመሳቅ በቀር ሌላ መልስ የለኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፥ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፥ በፈረንጅ አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

አስቀድሞ መነሻውን ልንገራችሁ። በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ሲጃራ የሚሸጠው በስስ የወረቀት ፓኮ ነበር። ፓኮው በኪስ ውስጥ ሲጨማደድ ሲጃራው እንዳይሰበር አንድ ጠንከር ያለ ካርቶን ይገባበት ነበር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ካርቶኑን ባዶውን ከሚያስገቡት ሥዕል ቢያትሙበት ገበያ እንደሚስብላቸው ተረዱ፤ እንግሊዞችም ብዙ ሳይዘገዩ ተከተሏቸው። መርከብ፥ ወታደር፥ ወፍ፥ አበባ፥ የቲያትር ሴቶች፥ ያልታተመ ነገር የለም። በኳስ በኩል ከሲጃራው በፊት እንኳ፥ በ1880ዎቹ፥ ጆን ቤይንስ የሚባል የብራድፎርድ ከተማ ነጋዴ በጋሻ ቅርጽ የተቈረጡ ካርዶች ለልጆች ይሸጥ ነበር። በ1896 የማንቸስተሩ ማርከስ ኩባንያ የኳስ ተጫዋቾችን ካርድ ከሲጃራው ጋር አወጣ። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካዎቹ ተሽቀዳደሙ። የኖቲንግሃሙ ጆን ፕሌየር በ1926 እና በ1927 ተጫዋቾቹን በአስቂኝ ሥዕል አሣለ፤ በ1928 ደግሞ 50 ካርዶች፥ ቀጥሎም 25 ካርዶች አወጣ። የኢፕስዊቹ ቸርችማን በ1938 ኀምሳ፥ በ1939 ሌላ ኀምሳ ጨመረ።

ካርዶቹ ሁሉ ቊጥር ነበራቸው፤ የነጋዴው ብልሃትም ያረፈው በዚህ ቊጥር ላይ ነው። አርባ ዘጠኝ ካርድ ይዞ አንዲት የቀረችበት ልጅ እንቅልፍ የለውም። አባቱን፥ አጎቱን፥ ጎረቤቱን ያንኑ ዓይነት ሲጃራ እንዲገዙ ይወተውታል፤ ከሲጃራ መሸጫው ደጃፍ ቆሞ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ካርዱን ይለምናል። እኔ መምህር ነኝና በዚህ ላይ አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም፤ ልጅን በኳስ ፍቅር ይዞ አባቱን ሲጃራ ማስጨስ የሚያስመሰግን ንግድ አልነበረም። ሆኖም የሲጃራው ጢስ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ካርዱ ግን አለ።

ያለው ግን ከብዙው ጥቂቱ ነው። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 እንግሊዝ ከጀርመን ጋር ጦርነት ገጠመች። የሊጉ ውድድር ገና ሦስት ጊዜ ብቻ ከተጫወቱ በኋላ ተቋረጠ። ወረቀት አጠረና በ1940 የሲጃራ ካርድ መታተሙ ቀረ። ለጦርነቱ ሥራ አሮጌ ወረቀት ከየቤቱ ሲለቀም ስንት የልጆች ደብተር አብሮ እንደ ሄደ ገምቱት። ከጦርነቱ በኋላ ሥዕሉ ወደ ማስቲካና ወደ ሻይ ፓኮ ተዛወረ፤ በጣልያን አገርም የሞዴናዎቹ የፓኒኒ ወንድማማቾች በ1961 የተጫዋቾችን ሥዕል በፖስታ እያሸጉ መሸጥ ጀመሩ። ዛሬ በየዓለም ዋንጫው የምናየው አልበም የዚያ ልጅ ነው። እኔ ለዛሬው ምሳሌ የምወስደው ግን የቸርችማንን የ1938 ኀምሳ ካርዶች ነው፤ ምክንያቱም ከጦርነቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ሰላማዊ ዘመን ፊት በነዚህ ላይ ይታያል፤ ቊጥሩም ትዕግሥት ላለው ሰው የሚቻል ነው።

እንግዲህ «ደህና ሁኔታ» ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው አዲስ የሚመስል ማለት ይመስለዋል። ይህን ቃል በችኰላ የተረጐመ ሰው በኋላ ገንዘቡን ያለቅሳል።

የሲጃራ ካርድ ቁመቱ 68፥ ወርዱ 36 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከመዳፍ ያንሳል። የተሠራው ለሙዚየም አይደለም። ልጆች በግድግዳ ላይ እየወረወሩ ተጫውተውበታል፤ ማን አርቆ ወረወረ፥ የማን ካርድ በማን ላይ ወደቀ እየተባለ ይበላሉ ይበላሉ ነበር። እኛ በልጅነታችን በቆርኪና በብይ ያደረግነውን እነርሱ በካርድ አደረጉት ማለት ነው። ስለዚህ የካርዱ አራት ማዕዘን ክብ ሆኖ ብታገኙት ካርዱ ተወዶ ነበር ማለት ነው። እጅግ የተወደደ ተጫዋች ካርድ እጅግ የቈሰለ ሲሆን፥ ማንም የማያውቀው ተከላካይ ግን ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በላይ እንደ ተኛ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ይህ የሥራው አንደኛ ችግር ነው።

ካርድ ሲቀርብላችሁ በመጀመሪያ ማዕዘኖቹን እዩ። ቀጥሎ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት፤ ፊት ለፊት ሲያዩት የማይታይ እጥፋት በጐን ሲያዩት እንደ ፀጕር መስመር ይወጣል። እጥፋት የገባበት ካርድ የቱንም ያህል ቢያበራ ከደህናዎቹ ተርታ አይገባም። ከዚያ ገልብጡት። ጀማሪዎች ሁሉ ጀርባውን ይረሳሉ፤ ሻጩም ጀርባውን ፎቶግራፍ ማንሣት «ይረሳል»። ፋብሪካዎቹ ካርዱ የሚገባበትን አልበም በአንድ ፔኒ ይሸጡ ነበርና ብዙ ልጆች ካርዳቸውን በሙጫ ለጥፈዋል። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ጀርባቸው እንደ ቴምብር ሙጫ የተቀባ ካርዶች ወጥተዋል። በኋላ ከአልበሙ ሲላቀቁ ጀርባቸው ይላጣል፤ የተጫዋቹ ታሪክ የተጻፈበት ቦታም አብሮ ይሄዳል። በውኃ ነክሮ ለማላቀቅ የሚሞክሩ አሉ፤ ቀለሙም ወረቀቱም አብሮ ይለቃልና እኔ አልመክርም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ ለኔ በጣም ደስ የሚለኝ ነው። በአንድ ስብስብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በደህና ሁኔታ የማይገኙት ቊጥር 1 እና የመጨረሻው ቊጥር፥ በኛ ምሳሌ ቊጥር 50 ናቸው። ለምን ቢሉ ልጁ ካርዶቹን በተራ ደርድሮ በላስቲክ ሲያስር ላስቲኩ የሚቈርጠው፥ ኪሱም የሚፍቀው፥ ጣቱም የሚያቈሽሸው ላይኛውንና ታችኛውን ነው። መካከለኞቹ አርባ ስምንቱ ተከልለው ይኖራሉ። በ1927 የተቋቋመው የሎንዶን የሲጃራ ካርድ ኩባንያ እንኳ በዋጋ ዝርዝሩ ለነዚህ ለጫፎቹ ከሌሎቹ የበለጠ ያስከፍላል። ስለዚህ ስብስብ ስትጀምሩ የመጀመሪያ ፍለጋችሁ እነዚህን ሁለቱን ይሁን።

ይህ ምክር በሌላም በኩል ይሠራል። ሰው ሁሉ ርካሹንና በቀላሉ የሚገኘውን አስቀድሞ ይገዛና አስቸጋሪውን «በኋላ» ይለዋል። በአሜሪካ እግር ኳስ የሚሉት ሌላ ጨዋታ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የነሱ ናሽናል ቺክል የሚባለው የማስቲካ ፋብሪካ በ1935 የዚያን ጨዋታ ተጫዋቾች በ36 ካርዶች አወጣ። ከቊጥር 25 እስከ 36 ያሉት ከቀደሙት ይልቅ በጣም ጥቂት ሆነው ይገኛሉ፤ ከነሱም ውስጥ ቊጥር 34፥ ብሮንኮ ናጉርስኪ የሚባለው ጉልበተኛ፥ ብቻውን የቀረውን ስብስብ ሁሉ የሚያህል ወጪ ሊያስወጣ ይችላል። ሃያ አራቱን በደስታ ሰብስቦ ከግድግዳው የተጋጨ ሰው ብዙ ነው። የወር ደመወዝተኛ የሆነ ሰብሳቢ እንግዲህ ዝርዝሩን አስቀድሞ ያጥና፤ አስቸጋሪው የቱ እንደ ሆነ ይወቅ፤ ገንዘቡንም ለዚያ ያጠራቅም። ርካሾቹ የትም አይሄዱም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ንጹሕ ማዕዘን ያለው ካርድ ዋጋው ስለሚበልጥ፥ ማዕዘኑ የተበላሸውን ካርድ በስለት ጥቂት ከርክሞ አዲስ ማስመሰል የሚችል ሰው ይኖራል። ከዳር ግማሽ ሚሊሜትር ቢነሣለት አራቱ ማዕዘን እንደ ገና ይሾላሉ። አንዳንዱ ቈሻሻውን በላጲስ ይፍቃል፤ የተላጠውን በቀለም ይሞላል፤ እጥፋቱን በብረት ይጫናል። የዚህ ሁሉ ውጤት በሩቅ ሲያዩት ያማረ ነው።

በዓለም ከታወቁት የስፖርት ካርዶች ሁሉ ዝነኛው የአሜሪካው ቤዝቦል ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ከ1909 እስከ 1911 በወጡት የሲጃራ ካርዶች ውስጥ ታተመ፤ ተጫዋቹ ስለ ተቃወመ ወዲያው እንዲቀር ተደረገ ይባላል፤ ልጆችን ለትምባሆ ማባበያ አልሆንም ብሎ ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ የሚታወቁት ከመቶ አይበልጡም። ከነዚህ አንደኛው ማዕዘኑ የሾለ፥ ዳሩ የጠራ ሆኖ ተገኘና፥ በ1991 የካርድ ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት ከ10 ነጥብ 8 ሰጠው። በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስለ መከርከሙ ግን ለብዙ ዓመት ሲታማ ኖረ። በ2013 ቢል ማስትሮ የሚባለው፥ ያንን ካርድ ቀድሞ ገዝቶ የሸጠው ታዋቂ የጨረታ ነጋዴ፥ በፍርድ ቤት ቀርቦ ዳሩን የከረከመው እርሱ መሆኑን አመነ። በጨረታ ሥራው በፈጸመው ማታለልም በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት።

ይህን ታሪክ ለምን አመጣሁ? ያ ካርድ በሳጥን ታሽጎ፥ ነጥብ ተለጥፎበት፥ ሊቃውንት ፈርመውበት ነበር። ከነጥቡ በቀር ማንም ዐይኑን አላመነም ማለት ነው። ዛሬም ሰው ካርዱን ሳይሆን ነጥቡን ይገዛል። እኔ በበኩሌ በልጅ እጅ ማዕዘኑ የደበዘዘ ካርድ፥ በሽማግሌ መቀስ ከሾለው ይልቅ በደህና ሁኔታ ላይ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ያረጀ ሲሆን ሁለተኛው ተሰርቋል፤ ከወረቀቱ ላይ የተሰረቀው ተመልሶ አይገጠምምና። ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተሟገትሁ። የተከረከመው ካርድ የሚዋሸው ስለ ራሱ ታሪክ ነው፤ አሮጌ ነገር ደግሞ ከታሪኩ በቀር ሌላ የሚሸጥ ምን አለው?

ራሳችሁን የምትጠብቁበት መሣሪያ ውድ አይደለም። አንዲት ሚሊሜትር በትክክል የምታሳይ ማስመሪያና አንድ አጉሊ መነጽር ይበቃሉ። ካርዱን ከዚያው ስብስብ ከሆነ ሌላ ካርድ ጋር ጀርባና ጀርባ አግጥሙት። በፋብሪካም ሲቈረጥ ትንሽ ልዩነት ይኖራልና ጥቂት ቢለያይ አትደንግጡ፤ ነገር ግን በግልጽ ካነሰ፥ ወይም ሦስቱ ዳር አርጅቶ አንዱ ዳር ብቻ እንደ ዛሬ ነጭ ሆኖ ከታየ ተዉት። አሮጌ ካርድ በዘመናችን እንደ ገና እየታተመ መሸጡንም አትርሱ፤ በግልጽ «ዳግመኛ እትም» ተብሎ ሲሸጥ ነውር የለበትም፤ ጽሑፉን ፍቀው እንደ አሮጌ ሲሸጡት ነው ነውሩ። ለዚህ የባንክ ገንዘብ ያዦች የብር ኖት የሚመረምሩበት ያ ሰማያዊ መብራት ይረዳል። ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ወረቀት በዚያ መብራት ሥር ደብዘዝ ብሎ ይቀራል፤ የኋላው ዘመን ወረቀት ግን የሚያነጣ መድኃኒት ስለሚገባበት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ታጠበ ነጭ ሸማ ያበራል። ባንክ የምትሠሩ አንባቢዎቼ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ።

ኀምሳውን አንድ በአንድ መግዛት ይሻላል ወይስ ሙሉውን ባንድ ጊዜ? በሒሳብ ከሄድን ሙሉው ይረክሳል። ነጋዴ አንዲቷን ካርድ ለመፈለግና ለመላክ የሚደክመውን ድካም በዋጋው ላይ ይጨምራልና፥ የኀምሳ ነጠላ ካርዶች ዋጋ ሲደመር ከአንድ ሙሉ ስብስብ ይበልጣል። እኔ የምወደው መንገድ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። መካከለኛ ደረጃ ያለውን፥ ያልተለጠፈና ያልተከረከመ ሙሉ ስብስብ መግዛት፤ ከዚያም በጣም የደከሙትን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ካርዶች እያወጡ በተሻሉ መተካት። በዚህ መንገድ ዐይናችሁ ይማራል፤ ደብተራችሁም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ነው። የምታወጡትን ካርድ አትጣሉት፤ ከናንተ የባሰ ለያዘው ሰው ይጠቅማል፤ ሲሰጡት ግን ጕድለቱን በአፋችሁ ተናገሩ።

ደግሞም ደረጃው የተስተካከለ ይሁን። አርባ ያረጁ ካርዶች መካከል አሥር የሚያበሩ ቢገቡ ደብተሩ አዲስ ቊምጣ እንደ ለበሰ ሽማግሌ ይሆናል። ሁሉም ደህና፥ ሁሉም ያልታጠፈ፥ ሁሉም ሙሉ ጀርባ ያለው ከሆነ ማዕዘኑ ትንሽ ቢደበዝዝ ምንም አይደለም። በዓለም ትልቁን ስብስብ የሰበሰበው ኤድዋርድ ዋርተን ታይገር የሚባለው እንግሊዛዊ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ካርዶች አከማችቶ በ1995 ሲሞት ለብሪቲሽ ሙዚየም ተዋቸው፤ እናንተ ግን በኀምሳው ብትረኩ ማንም አይወቅሳችሁም።

ስለ አቀማመጡ ባጭሩ ልናገር። ሙጫ፥ ላስቲክና ስቴፕለር አጠገቡ አይድረሱ። የፕላስቲክ ኪስ ስትገዙ ያ አዲስ የመኪና ወንበር የሚመስል ሽታ ያለውን ለስላሳ ፕላስቲክ ተዉት፤ ከጊዜ ብዛት ቅባት እያወጣ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ደብተሩን ፀሓይ ከሚገባበት መስኮትና እርጥበት ካለበት ግድግዳ አርቁት፤ በክረምት የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ምን ያህል ላብ እንደሚያወጣ ተከራዮች ሁላችን እናውቃለን።

የእንግሊዙ ካርድ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና ለብዙዎቻችን በምኞት ይቀር ይሆናል። ነገር ግን እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ ለማንኛውም አሮጌ የወረቀት ሥዕል ይሠራል፤ ይልቁንም በየቤታችን ላሉት የኳስ ፎቶግራፎች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር፥ የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ወሰደ፤ የቡድኑ መሪ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ከጓደኞቹም አንዱ መንግሥቱ ወርቁ ነው። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ፥ የጨዋታ ፎቶግራፍ፥ የሰፈር ቡድን ምስል በአያትና በአጎት ሣጥን ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠበት ቤት አይጠፋም። ብታገኙ ዳሩን አስተካክላለሁ ብላችሁ መቀስ አታንሡ፤ በመስታወት ለማስገባትም አትከርክሙት፤ መስታወቱን በልኩ አሠሩ። ጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ አትጻፉ፤ በለስላሳ እርሳስ፥ ሳትጫኑ፥ ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙትን ሰዎች ስም በተራ ጻፉ። ስማቸውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየጐደሉ ነውና፥ ቤተ ዘመድ በምትጠይቁበት በዚህ እሑድ ፎቶግራፉን ይዛችሁ ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው ጥሩ ነው፤ እጅ መታጠቢያው ከቀረበና ወጡ ከመጣ በኋላ ግን አታውጡት።